ህመሙ ጠፋ ማለት አይኑ ዳነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አራት ኪሎ አንድ ፎቶኮፒ ቤት ውስጥ ነው የምሰራው፣ ጋዜጣችሁን እዛው ደጃፋችን ላይ ከሚዘረጋው ልጅ እየገዛሁ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ስለ አይን ስትጽፉ ሁሌ የማየው ስለ ሞራ፣ ስለ ግላኮማ፣ ስለ ትራኮማ ነው፣ እሱ ይቅር አልልም፣ ሰውን የሚያሳውሩት እነሱ ናቸውና ደጋግማችሁ ጻፉ። ግን ደግሞ ሌሊት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ የሚያስለቅስ፣ ሀኪም ቤት እስኪደረስ ጠፍቶ "ምንም የለብሽም" የሚያስብል፣ ከአይን ፊት ያለችው ስስ ቆዳ እየተላጠች የሚመጣ የአይን ህመም አለ፣ እኔን ለወራት አንገላቶኛል፣ ስለሱ በጋዜጣ ተጽፎ ያነበብኩት ነገር የለም። ስለዚህ ያሳለፍኩትንና ከሀኪሞቹ የሰማሁትን እኔው ልጻፍላችሁ ብዬ ነው።

የጀመረኝ በወረቀት ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ተማሪው ሁሉ መመረቂያ ጽሁፉን ለማስጠረዝ የሚጋፋበት ሰሞን ነበር፣ አንዷ ተማሪ ከኋላዬ ሆና ወረቀቷን ስታቀብለኝ እኔም ዞር ስል የወረቀቱ ጠርዝ ግራ አይኔን ላጥ አደረገኝ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ልጅቷ ደንግጣ ውሃ ልግዛልሽ ምናምን ትላለች፣ ማታ ላይ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ትንሽ ጭረት ነው ብለው ቲቲሲ (ቴትራሳይክሊን) የሚባለውን የአይን ቅባት ሰጡኝ። በሶስተኛው ቀን ምንም አልነበረኝም። ቅባቱንም ተውኩት፣ ደህና በሆነ አይን ላይ ማን ቅባት ይቀባል?

ሀምሌ ላይ አንድ ቀን ሌሊት 10 ሰአት ግድም ነቃሁ፣ አይኔን ስገልጥ የሆነ ነገር ልጥ ብሎ ሲነሳ ተሰማኝ፣ ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ በጉልበት ሲነቀል እንደሚሆነው በሉት፣ ከዛ በኋላ ያለውን በምን ቃል እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሁለት ልጅ ወልጃለሁ ምጥን አውቀዋለሁ፣ ያን ሌሊት ግን ግድግዳ ይዤ ነው የጮህኩት። መብራት ማየት አልቻልኩም፣ እንባው አይቆምም፣ ደህናውን አይን ልግለጥ ስል ሁለቱም አብረው ይጨፈናሉ። እናቴ ምች ነው ብላ በጨለማ ዳማከሴ ልትቀነጥስ ወጣች። ጠዋት 4 ሰአት ሲሆን ቀለል አለኝ፣ ከሰአት ስራ ገባሁ፣ ሰው ሁሉ ምነው አይንሽ ቀላ ከማለት በቀር ምንም አልነበረብኝም።

ከዛ በኋላ በሳምንት፣ ሲቆይ በሁለት ሳምንት ይመጣ ጀመር። ሁሌም ግራ አይኔን፣ ሁሌም ልክ ስነቃ። መተኛት ፈራሁ በቃ። አንድ ክሊኒክ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከሰአት ነበር የደረስኩት፣ በባትሪ አይተው ንጹህ ነው አሉኝ፣ በሁለተኛው ጊዜ እንደውም ጭንቀት ይኖርብሽ ይሆን ተብዬ ተጠየቅኩ። እንደዛ ሲሉኝ ያለቀስኩት ከህመሙ የባሰ ነበር። አሁን ሳስበው እነሱም ዋሽተው አይደለም፣ የተላጠችው የአይን ስስ ቆዳ በጥቂት ሰአት ውስጥ ተመልሳ ትሸፈናለች፣ ከሰአት የደረሰ ሰው ምንም ላያሳይ ይችላል። ይሄን ግን ያኔ ማን ይንገረኝ።

እዚህ መሀል የሰራኋቸው ሁለት ስህተቶች አሉ፣ ደብዳቤውን ለመጻፍ ከሁሉም በላይ ያነሳሱኝ እነሱ ናቸው።

አንደኛው ጠብታ ነው። አንድ ፋርማሲ ገብቼ አይኔን ያመኛል ይቀላል አልኩ፣ ያለምንም ማዘዣ አንድ ጠብታ ሰጡኝ፣ "ሲመጣብሽ ጠብ ጠብ አርጊበት" ብለው። ለካ ዴክሳሜታዞን ያለበት ነው። ቅላቱን ቶሎ ያጠፋል እውነት ነው፣ ለዛ ነው ሰው የሚወደው። ግን ይሄ የስቴሮይድ ዘር የሚባለው መድሀኒት ሀኪም እያየው ለአጭር ጊዜ ካልሆነ በራስ የሚጨመር አይደለም፣ አይን ውስጥ የሄርፒስ ቫይረስ ወይም የፈንገስ ቁስል ካለ እሳት ላይ ቤንዚን ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሲጨመር ደግሞ የአይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል፣ ሞራም ያመጣል። እኔ ለ3 ሳምንት ተጠቅሜያለሁ።

ሁለተኛው ይብሳል። ጎረቤታችን አንድ ልጅ አለ፣ ምናለሽ ተራ ብየዳ የሚሰራ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ነው የማየው፣ ስጮህ ሰምቶ ጠዋት መጣና "እታለም ይቺን ጠብ አድርጊ ወዲያው ነው የምታቆመው" ብሎ ከኪሱ ብልቃጥ አወጣ። እውነትም በ1 ደቂቃ ውስጥ ህመሙ ጠፋ፣ እግዜር ይስጥህ ብዬ መረቅኩት። ጠብታው የሚያደነዝዝ መድሀኒት ነው፣ ቴትራኬይን፣ ሀኪሞች አይን ውስጥ የገባ ብረት ሲያወጡ ወይ ግፊት ሲለኩ ነው የሚጠቀሙበት። ቤት ተወስዶ ሲደጋገም ግን የተላጠው ቦታ እንዳይሸፈን ይከለክላል፣ ሰውየው ስለማያመው እየዳነ ይመስለዋል፣ ብሌኑ፣ ከአይን ፊት ያለው የጠራው ክፍል፣ ግን ከስር እየሟሟ ይሄድና እስከ መበሳት ይደርሳል። የብየዳ ብርሃን የመታው ሰው ከ6 እስከ 12 ሰአት ቆይቶ ነው የሚጀምረው፣ ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አይኔ ውስጥ አሸዋ ሞላ ይላል፣ እሱ በራሱ በ1 ወይ በ2 ቀን የሚድን ነገር ነው፣ በዚህ ጠብታ ምክንያት ግን የዘላለም ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ያን ልጅ በኋላ ቁጭ አድርጌ ነገርኩት፣ ብልቃጡን ጣለው፣ ጓደኞቹ ግን አሁንም ከኪሳቸው አይጠፋም። ምናለሽ ተራና እዛ አካባቢ ያላችሁ አንባቢዎች እባካችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፣ መነጽሩንም ያድርጉት፣ ፀሀይ መነጽር አይደለም፣ የብየዳውን።

በመጨረሻ የረዳችኝ አንድ የመንግስት ሆስፒታል ውስጥ ያገኘኋት ዶክተር ናት። ሌሊት ሲነሳብኝ ባለቤቴ ታክሲ ጠርቶ ንጋት ላይ ይዞኝ ሄደ፣ አይኔን እንደጨፈንኩ። አገጭ የሚያስደግፉበት ማሽን ላይ አስቀመጠችኝ፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላት ቀጭን ወረቀት አይኔ ጫፍ ላይ ነካ አድርጋ ሰማያዊ መብራት አበራች፣ "ይኸው፣ አንቺ ውሸታም አይደለሽም" አለችኝ። የተላጠው ቦታ ቀለሙን ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ባለቤቴንም ጠርታ አሳየችው። ከዛን ቀን በፊት እሱም ቢሆን አንዳንዴ ሲያየኝ አላምንሽም የሚል ነገር ፊቱ ላይ ነበር፣ አልወቅሰውም።

ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። ሰው ብሌን የሚለው፣ እነሱ ኮርኒያ የሚሉት፣ ከአይን ፊት ያለው እንደ መስታወት የጠራው ክፍል ነው፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከላዩ ደግሞ የዛ አንድ አስረኛ የምትሆን ስስ ቆዳ አለች። ደም ስር የለውም፣ ነርቭ ግን ከእጃችን ቆዳ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፣ ለዛ ነው አንድ ሽፋሽፍት ስትገባ እንኳን እንደዛ የምንሆነው። ይቺ ስስ ቆዳ ስትጫር በፍጥነት ትሸፈናለች፣ በ1 ቀን በ2 ቀን በ3 ቀን። መሸፈን ግን ሌላ መጣበቅ ሌላ ነው። ከስር ካለው ንጣፍ ጋር የሚያያይዟት እንደ ጥቃቅን ችንካር ያሉ ነገሮች አሉ፣ እነሱ በደንብ እስኪሰሩ ሳምንታት ብሎም ወራት ይፈጃል። መንገዱ ሁሉ ሲቆፈርና የእግረኛው ንጣፍ ሲሰራ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ እሱን አስቡት፣ ሴራሚኩ ተደርድሮ አምሮ ይታያል፣ ሲሚንቶው ግን አልያዘም፣ ሰው ሲረግጠው ይነሳል። የኔም አይን እንደዛ ነበር፣ በሶስተኛው ቀን ሴራሚኩ ተደርድሯል፣ እኔ ደግሞ ቅባቱን አቁሜ ረገጥኩት።

ለምን ሌሊት? ስንተኛ እንባ ይቀንሳል፣ አይን ይደርቃል፣ የላይኛው የአይን ቆብ ብሌኑ ላይ ይለጠፋል፣ ስንነቃና ቆቡን ድንገት ስንገልጥ ያቺን ያልያዘች ቆዳ ይዟት ይነሳል። ያ ልጥ ያለኝ ነገር እሱ ነው። በህክምና ስሙ ተደጋጋሚ የኮርኒያ መላጥ እንደማለት ነው፣ እንግሊዝኛውን ካርዴ ላይ ጽፋልኛለች።

ምክንያቱ እንደኔ ወረቀት ብቻ አይደለም። ከሁሉም የሚበዛው የህጻን ልጅ ጥፍር ነው አለችኝ፣ የሚያጠቡ እናቶች ፊታቸውን ህጻኑ ሲቧጭር ማለት ነው፣ የዛፍ ቅርንጫፍና የኩል ብሩሽም አለ። ቅጠልና እንጨት ሲሆን ግን ለፈንገስ ስለሚያጋልጥ አንድ ቀን ሳይታደር መታየት አለበት። ምንም ሳይጫሩ የሚመጣባቸውም አሉ፣ ከተፈጥሮ ያቺ ንጣፍ በትክክል ያልተሰራችላቸው፣ እነዚህ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይናቸው ላይ ነው፣ በማሽኑ ሲታይ ካርታ የሚመስል፣ ነጥብ ነጥብ ያለ፣ የጣት አሻራ የመሰለ መስመር ይታያል፣ ብዙውን ጊዜ የሚገለጥባቸውም ከጉርምስና አልፈው ነው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም ብሌኑ ላይ ያለችው ቆዳ በደንብ አትይዝም፣ እናቴ ስኳር ስላለባት ይሄን እንደሰማሁ አስመረመርኳት። የአይን መድረቅ፣ የቆብ ጠርዝ ላይ ያሉት የቅባት ቀዳዳዎች መደፈን፣ ተኝቶ አይን ገርበብ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ያባብሱታል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ፣ ሰው ስክሪን ሲያይ ማርገብገብ ይቀንሳል፣ ከማሽኑ ሙቀት ይወጣል፣ የውጪው አቧራ አለ፣ ደረቅ አይን እንዳለኝም ያወቅኩት እዛው ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አያቴ ገጠር ነበረች፣ አንገቷ ላይ ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር፣ ሽፋሽፍቷን እየነቀለች። ልጅ ሆነን ጌጥ ይመስለን ነበር። ዶክተሯ ስለ ብሌን ስትነግረኝ ነው የገባኝ፣ የትራኮማ ጠባሳ ቆቧን ወደ ውስጥ አዙሮት ፀጉሯ በረገበገበች ቁጥር ብሌኗን ይፍቀው ነበር፣ እኔ በሳምንት አንዴ የጮህኩበትን እሷ ቀኑን ሙሉ ችላው ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከአገራችን አይነስውርነት 11.5 በመቶው በዚሁ በትራኮማ በመጣ የብሌን ጠባሳ ነው ይላል፣ ከሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ቀላል የቆብ ቀዶ ጥገና አለው፣ ገጠር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፣ ወረንጦ የያዘች እናት ካለች ይዛችኋት ሂዱ።

ወደ ህክምናው ልመለስ። የመጀመሪያው ነገር ትእግስት ነው፣ ሌላው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። ቦታው ክፍት እያለ ኢንፌክሽን እንዳይገባ ጀርም የሚገድል ጠብታ ለጥቂት ቀን ታዘዘልኝ። ከዛ ቀን ቀን ሰው ሰራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ፣ ማታ ልተኛ ስል ደግሞ አይንን የሚያለሰልስ ወፍራም ቅባት፣ ህመም ኖረም አልኖረም በየማታው፣ ቢያንስ ለ3 ወር፣ ለኔ ደጋግሞ ስለመጣ ከዛም በላይ እንድቀጥል። "ደህና ነኝ ብለሽ ያቆምሽ ቀን እንደገና ትመጫለሽ" ብላኛለች። 5 በመቶ ጨው ያለበት ቅባትም አንዳንድ ሀኪሞች ያዛሉ፣ ያበጠችውን ቆዳ ውሃዋን ይመጥላታል፣ እኔ በዞርኩባቸው ፋርማሲዎች አላገኘሁትምና በተራው ቅባት ቀጠልኩ።

እንደዛም ሆኖ በጥቅምት ሁለት ጊዜ ተነሳብኝ። ያኔ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ አደረገችልኝ፣ ለማየት አይደለም፣ እንደ ፋሻ ሆኖ ቆቡ ቁስሉን እንዳይነካው ነው፣ ከጀርም ጠብታ ጋር፣ በየቀጠሮው እየታየ፣ ምክንያቱም ሌንስ አድሮበት ኢንፌክሽን ከገባ ነገሩ ይከፋል። እፎይታው! ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛሁ። ዶክሲሳይክሊን ኪኒንም በትንሽ መጠን ለሳምንታት ወሰድኩ፣ ለጀርሙ ብቻ አይደለም፣ አይን ውስጥ ያን ማጣበቂያ የሚበላ ኢንዛይም አለ እሱን ያዳክማል፣ የቆቡንም ቅባት ያስተካክላል። ከመስጠቷ በፊት እርጉዝ መሆን አለመሆኔን ጠየቀችኝ፣ ለእርጉዝና ለትንንሽ ልጅ አይሰጥም፣ ይሄንንም ከጎረቤት ተበድሮ የሚውጥ ስላለ ነው የምጽፈው።

በዚህ ሁሉ እምቢ ካለ ሌላም አለ። ልል የሆነችውን ቆዳ ሀኪም ጠርጎ ያነሳና ከስር ያለውን በአልማዝ ብናኝ በተሰራ መሰርሰሪያ ይልገዋል፣ አዲሷ ቆዳ በንጹህ ንጣፍ ላይ ትበቅላለች። ወይም በመርፌ ጫፍ ጥቃቅን ቀዳዳ ይደረግና ጠባሳዋ እንደ ስፌት ይይዛታል፣ ይሄኛው ግን ትንሽ ነጥብ ስለሚተው ከብሌኑ መሀል፣ ከምናይበት ቦታ ላይ አይደረግም። ሌዘርም አለ፣ ላዩን በጣም በስሱ የሚያነሳ። እኔ እዛ አልደረስኩም።

ማታ ማታ የማደርገውንም ልንገራችሁ፣ ከመድሀኒቱ ያላነሰ የጠቀመኝ እሱ ነው። ጠብታዋ ትራሴ ስር ናት። ስነቃ አይኔን አልገልጥም፣ እንደተጨፈነ ቀስ እያልኩ የአይኔን ኳስ ወዲህ ወዲያ አደርገዋለሁ፣ ከዛ ቆቡን ሳልገልጥ በአፍንጫ በኩል ባለው ጥግ ጠብ አደርጋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ነው የምገልጠው። አይኔን አላሽም፣ ፊቴን ስታጠብ እንኳን። ማታ በሞቀ ውሃ የተነከረ ንጹህ ጨርቅ ቆቤ ላይ ለደቂቃዎች አሳርፋለሁ። የልጆቼን ጥፍር በየቅዳሜው እቆርጣለሁ፣ ስራ ቦታ ደግሞ ወረቀት ከኋላዬ አልቀበልም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡልኝ ነው የምለው፣ ተማሪዎቹ ለምደውታል።

ግን አደራ፣ የአይን ህመም ሁሉ ይሄ ነው ብላችሁ ቤት ቁጭ እንዳትሉ። ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ መግል ካለ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ሆናችሁ አይናችሁ ከቀላ፣ ህመሙ ውሎ እያደረ ከጨመረ ያው ቀን መሄድ ነው። የቁስል ጠባሳ መሀል ብሌን ላይ ከቀረ መፍትሄው የሌላ ሰው ብሌን መጠበቅ ሊሆን ይችላል፣ እዚሁ ቅርባችን ምኒልክ ሆስፒታል ግቢ ያለው የአይን ባንክ ሰው ከሞተ በኋላ ብሌኑን እንዲለግስ የሚለምነው ለዚህ ነው። የእናት ጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ምራቅ አይን ውስጥ አይጨመርም። እናቴን በዚህ ጉዳይ ለማሳመን ጊዜ ፈጅቶብኛል፣ ጸበሏን ግን አልከለከልኳትም፣ ትጠመቅ፣ ቅባቷንም ትቀባ።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። የአይን ሀኪሞችን ጠይቃችሁ ስለዚህ ነገር በደንብ አድርጋችሁ ጻፉ፣ ከኔ በተሻለ ያውቁታል። ፋርማሲ ያላችሁ ደግሞ አይን ላይ የሚጨመር ነገር ስትሸጡ ካርቶኑ ላይ "በቀን 2 ጊዜ" ብላችሁ በእስክሪብቶ ትጽፋላችሁ አይደል፣ እዛው ጎን እስከ መቼ እንደሆነም ጻፉበት፣ እስከ መስከረም 20፣ እስከ ጥር 5፣ ቀኑን። ያን ግንቦት የተሰጠኝ ቲቲሲ ላይ የማቆሚያው ቀን ቢጻፍበት ኖሮ በሶስተኛው ቀን መሳቢያ ውስጥ አልወረውረውም ነበር። ጭረት ያየ ክሊኒክም "ሌሊት ስትነቂ ቢያምሽ ጠዋቱኑ ነይ፣ ከሰአት አትምጪ" የምትል አንዲት አረፍተ ነገር ቢጨምር ምንም ገንዘብ አያስወጣውም።

አሁን ከተነሳብኝ 5 ወር ሆኖኛል። ቅባቱን ዛሬም ማታ እቀባለሁ።

አክባሪያችሁ
የፎቶኮፒ ቤት ሰራተኛ፣ ከአራት ኪሎ